የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጦር ሜዳው ጀርባ የሚቆሙ ተራሮች

በትናንሽ የወታደር ምስሎች ለሚካሄድ ታሪካዊ የጦር ሜዳ ጨዋታ የተዘጋጀ ጠረጴዛ ወታደሩ ተቀብቶ፣ ኮረብታውና ቤቱ ተሠርቶ ካለቀም በኋላ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ከጠረጴዛው ጠርዝ ባሻገር የሚታየው የክፍሉ ግድግዳ፣ መጋረጃና የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ያንን ለመሸፈን ከኋላ ስለሚቆመው የተራራ ሥዕል፣ ብዙዎች ባክግራውንድ ስለሚሉት፣ ከደረሱን ጥያቄዎች ስምንቱን መርጠናል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ የብዙዎቹ ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ተራራው ከልክ በላይ ረዝሟል፣ ጠቁሯል፣ ጎልቷል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች ረዘም አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛዬ 180 በ120 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የወታደር ምስሎቼ ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ነው። 70 ሴ.ሜ ቁመት ባለው ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) ላይ እስከ 60 ሴ.ሜ የሚደርሱ ተራሮች ሣልኩ። ፎቶ ሳነሳው ግን ከወታደሮቹ ጀርባ የቆመ ግንብ ይመስላል። ቁመቱ ስንት መሆን ነበረበት?

መልስ፦ ተራራ ለዓይን ምን ያህል ገዝፎ እንደሚታይ የሚወስነው ቁመቱ ብቻ ሳይሆን ቁመቱ ለርቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ተራራው ከሜዳው በላይ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ይያዙና ለርቀቱ ያካፍሉት፤ ያገኙትን ደግሞ ካሜራው ከሥዕሉ ባለው ርቀት ያባዙት። የእርስዎ ጠረጴዛ 120 ሴ.ሜ ስፋት አለው፤ ካሜራውን ከፊተኛው ጠርዝ 30 ሴ.ሜ ወደ ኋላ ቢያቆሙት ከሥዕሉ 150 ሴ.ሜ ይርቃል። ከሜዳው በላይ 1,000 ሜትር የሚነሳና 10 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ተራራ እንግዲህ በሥዕሉ ላይ 15 ሴ.ሜ ብቻ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ 30 ሴ.ሜ ይሆናል። የእርስዎ 60 ሴ.ሜ ማለት ያው 1,000 ሜትር ተራራ 2.5 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ሠራዊቱ እግሩ ሥር ነው ያለው፤ ግንብ የመሰለዎትም ለዚህ ነው።

የምስሎቹ መጠን በዚህ ስሌት ውስጥ እንደማይገባ ያስተውሉ። 28 ሚሊ ሜትርም ይሁን 15 ወይም 6፣ የሩቅ ተራራ የሚታይበት ማዕዘን አይለወጥም።

የሚለወጠው የአድማሱ መስመር ነው። አድማስ ምንጊዜም በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ላይ ይውላል። ቆመው ሲጫወቱ ዓይንዎ ከጠረጴዛው 80 ሴ.ሜ ያህል ከፍ ስለሚል፣ ሥዕሉን ለቆመ ሰው እንሥራው ቢባል አድማሱ 80 ሴ.ሜ ላይ መዋል ነበረበት፤ ይህ ደግሞ አይሆንም። ደግነቱ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ሰው ዓይኑ ወታደሮቹ ላይ ነው፤ ከጀርባ ያለውን እንደ ቀለም ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰውና ለካሜራ ይሥሩት። ለ28 ሚሊ ሜትር ምስሎች አድማሱ ከጠረጴዛው ከ5 እስከ 8 ሴ.ሜ፣ ለ15 ሚሊ ሜትር ከ3 እስከ 4 ሴ.ሜ ይሁን። 6 ሚሊ ሜትር ላይ ጠረጴዛው ብዙ ጊዜ ፎቶ የሚነሳው ከኮረብታ ላይ ቁልቁል እንደሚታይ ሆኖ ስለሆነ 10 ሴ.ሜ ይሻላል። የተራራው ቁመት የሚለካው ከዚህ መስመር ጀምሮ እንጂ ከጠረጴዛው ወለል አይደለም። በእርስዎ ጠረጴዛ አድማሱ 6 ሴ.ሜ ላይ ቢሆን፣ የ15 ሴ.ሜው ተራራ ጫፍ ከጠረጴዛው 21 ሴ.ሜ ላይ ይደርሳል።

ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ሰማይ ነው፤ አጠቃላይ ቁመቱ ከ45 እስከ 50 ሴ.ሜ ይበቃል። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ 2 እጥፍ ማቅረቢያውን ይጠቀሙ። በ150 ሴ.ሜ ርቀት ከሌንሱ ከፍታ በላይ 37 ሴ.ሜ ያህል ብቻ ስለሚያሳይ ሰሌዳው በቂ ይሆናል። ዋናው ሰፊ ሌንስ ግን የዚህን እጥፍ ያህል ስለሚያይ የሰሌዳው ጠርዝና ግድግዳው አብረው ይገባሉ። የሠሩትን ሰሌዳ መጣል አያስፈልግዎትም፤ ተራሮቹን በሰማይ ቀለም ሸፍነው ዝቅ አድርገው እንደገና ይሣሉ፣ ትርፉን ቁመት ይቁረጡ።

ጥያቄ፦ ተራሮቼን አረንጓዴና ቡናማ ቀባኋቸው፤ በቅርበት ሲታዩ ያምራሉ፣ ከሩቅ ግን ተቆርጦ የተለጠፈ ካርቶን ይመስላሉ። ምን ዓይነት ቀለም ልጠቀም?

መልስ፦ ችግሩ የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን አየሩ አለመቀባቱ ነው። አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይበልጥ ይበትናል። በዓይንዎና በተራራው መካከል ያለው አየር ስለዚህ የራሱን ፈዛዛ ሰማያዊ ብርሃን በተራራው ላይ ይጨምርበታል። ተራራው በራቀ ቁጥር ቀለሙ ወደ አድማሱ ሰማይ እየቀረበ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚፈዘው ጥላው ነው፤ በሩቅ ተራራ ላይ ጥቁር ነገር ፈጽሞ የለም። በረዶ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከነጩ ብርሃን ሰማያዊው በመንገድ ስለሚቀነስ፣ የራቀ በረዶ ትንሽ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሮዝ ያዘነብላል። የሩቁን በረዶ በንጹሕ ነጭ የሚቀቡ ሰዎች ተራራውን ሳያውቁት ወደ ፊት ይጎትቱታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አምስት ቀለም ይበቃል፤ ነጭ፣ ኡልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት አምበር የሚባለው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የሎ ኦከርና ጥቂት አረንጓዴ። ሁሉም አክሪሊክ ወይም የማያብለጨልጭ የውሃ ቀለም ይሁኑ። 180 በ50 ሴ.ሜ ሰሌዳ አንድ ካሬ ሜትር አይሞላም፤ 250 ሚሊ ሊትር የሰማይ ቀለም ለሁለት ዙር ይተርፋል።

በመጀመሪያ የአድማሱን ቀለም ያዘጋጁ፤ ለ30 እጅ ነጭ 1 እጅ ኡልትራማሪንና እጅግ ጥቂት ኦከር። ከዚህ ቢያንስ 300 ሚሊ ሊትር በክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ ተራሮቹ በሙሉ የሚደባለቁት ከዚህ ነው፤ መሀል ላይ ካለቀ ያንኑ ቀለም ደግሞ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ለላይኛው ሰማይ 10 እጅ ነጭ ከ1 እጅ ኡልትራማሪን ጋር ይደባልቁ። ሁለቱን ቀለሞች ከላይና ከታች ቀብተው ሳይደርቁ መሀሉን በሰፊ እርጥብ ብሩሽ በአግድም ያዋህዱት። አንዴ መድረቅ ከጀመረ አይንኩት፤ መስመር ይወጣበታል።

ቀጥሎ የተራራውን መሠረታዊ ቀለም ያዘጋጁ፤ 2 እጅ አምበር፣ 1 እጅ ኡልትራማሪን፣ 1 እጅ ኦከር። ለመጨረሻው ሰንሰለት ከዚህ 1 እጅ በ4 እጅ የአድማስ ቀለም፣ ለመካከለኛው 1 በ2፣ ለቅርቡ 1 በ1 ይቀላቅሉ። አረንጓዴ የሚገባው በቅርቡ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በጥቂቱ። የቅርቡ እንኳ ያልተበረዘ ቀለም እንዳይሆን፤ ያልተበረዘ ቀለም የጠረጴዛው ነው። አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁር እያንዳንዱን ቅይጥ በካርቶን ቁራጭ ላይ ቀብተው፣ አድርቀው ሰሌዳው ላይ ደግፈው ይዩት።

ከሩቁ ይጀምሩ። የእያንዳንዱን ሰንሰለት ጫፍ ከቀቡ በኋላ ሳይደርቅ ግርጌውን የአድማስ ቀለም በነካ እርጥብ ስፖንጅ ወደ ታች ያደብዝዙት። ጭጋግ ሸለቆ ውስጥ ስለሚተኛ ተራራ ከጫፉ ይልቅ ግርጌው ይፈዛል። ካርቶን የሚያስመስለውን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያጠፋው ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢተዉ ይህንን አይተዉ። በሩቁ ሰንሰለት ላይ ከሁለት የቀለም ደረጃ አይለፉ፤ ዛፍና ገደል አይሣሉበት።

ስለ ቅርጽም አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ሰው ተራራ ሣል ሲባል ቀጥ ያለ ሹል ጫፍ ይሥላል። የተከመረ ድንጋይና ናዳ ግን ከ35 ዲግሪ ገደማ በላይ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ይንሸራተታል። የአብዛኛው ተራራ ጎን ከዚያ በታች የተንጣለለ ነው፤ ገደል ካለም አናቱ አካባቢ ነው። በፕሮትራክተር ይለኩት። ከፍተኛውን ጫፍ ደግሞ መሀል ላይ አያድርጉት፤ ከአንዱ ጎን አንድ ሦስተኛው ላይ ይዋል።

ጥያቄ፦ ለሞዴል ባቡር የሚሸጥ የተራራ ወረቀት ለ28 ሚሊ ሜትር ወታደሮች ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ተዘጋጅቶ ለሚገኝ ነገር መጀመሪያ የሚታየውም እሱ ነው። ፋለርና ኖኽን የመሳሰሉ የጀርመን አምራቾች የተራራ ባክግራውንድ ያቀርባሉ። በብዛት የሚታሰበው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ለሚያንስ (1/87) ባቡር ነው፤ 28 ሚሊ ሜትር ምስል ደግሞ በግምት 1/56 ነው። ለሩቁ ተራራ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። የሚያስቸግሩት በታችኛው ክፍል የሚታዩ ቤቶች፣ አጥሮችና ዛፎች ናቸው፤ እነሱ ከእርስዎ ወታደሮች አጠገብ ያንሳሉ። የታችኛውን ክፍል ቆርጠው ያውጡ ወይም ከፊቱ በሚቆም ኮረብታና ቁጥቋጦ ይሸፍኑ።

ከመጠኑ ይልቅ ዘመኑን ይመርምሩ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ አስፋልት፣ የተንጠልጣይ ጋሪ ገመድ፣ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ጥሎት የሚሄደው ነጭ መስመር በብዛት ይገኛሉ። በአንዳንዱ ላይ የኖይሽቫንሽታይን ቤተ መንግሥት አለ፤ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1869 ስለሆነ ለናፖሊዮን ዘመን ጠረጴዛ አይሆንም። ዕፅዋትም ይዋሻሉ። የበለስ ቁልቋል ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ ከ1492 በፊት በሜዲትራኒያን ዳርቻ አልነበረም፤ በሮማውያንና በካርታጎ ጦርነት ጀርባ ከታየ ስህተት ነው። የአውስትራሊያው ባህር ዛፍ ደግሞ ከዚያም ብዙ ዘግይቶ ነው ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው። እንዲህ ያለውን በአድማስ ቀለም ቅይጥ በትንሽ ብሩሽ ሸፍኖ ማለፍ ይቻላል።

ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብልጭታውን የሚያጠፋ ማት ቫርኒሽ ይንፉበት። ሲለጥፉ የግድግዳ ወረቀት ማጣበቂያ ተጠቅመው ከመሀል ወደ ዳር በደረቅ ሩሎ ይግፉ። የሚነፋ ኮላ ቶሎ ስለሚይዝ ትልቅ ወረቀት ላይ የተፈጠረውን ጭርምት ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ አንድን የተወሰነ ጦርነት እየሠራሁ ነው። የእውነተኛውን ቦታ ተራራ እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ደስ ያሰኘን ነው። ደን ይመነጠራል፣ መንደር ይስፋፋል፤ የተራራ ጫፍ መስመር ግን በጦርነቱ ዕለት የነበረው ዛሬም አለ። የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ኢንዴቨር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በራዳር የለካው የምድር ከፍታ መረጃ በነጻ ይገኛል፤ ዝርዝርነቱም በግምት 30 ሜትር ነው። ፒክፋይንደር የሚባለው መተግበሪያ ከየትኛውም ቦታ የሚታየውን የተራራ መስመር በንድፍ ያወጣል። ጉግል ኧርዝም ወደ ምድር ወርደው እንዲያዩ ያደርጋል። በጉግል ኧርዝ ሲሠሩ የከፍታ ማጋነኛውን 1 ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተራራው በውሸት ይረዝማል።

ራስዎን ሠራዊትዎ የቆመበት ቦታ ላይ ያድርጉና ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ይመልከቱ። 180 ሴ.ሜ ሰሌዳ ከ150 ሴ.ሜ ርቀት ሲታይ 62 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ከመተግበሪያው የሚወስዱትም ያንኑ ያህል ስፋት ይሁን። ምሳሌ እንስጥ። በሰሜን ኢጣሊያ ናፖሊዮን ኦስትሪያውያንን ያሸነፈበት የሪቮሊ ጦርነት የተካሄደው በጥር 14 እና 15 ቀን 1797 እ.ኤ.አ. ነው፤ በስተ ሰሜን የሚታየው ሞንቴ ባልዶ የተባለው ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 2,218 ሜትር ነው፤ ከሪቮሊ በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ይነሳል፣ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በላይኛው ስሌት ከ16 እስከ 17 ሴ.ሜ ይሆናል። ወሩ ጥር ስለሆነ ጫፉ ላይ በረዶ ይደረግበታል፤ ቅርብ ያሉት የተራራው ደቡባዊ ጎኖች ደግሞ ጠቆር ይላሉ። በደቡብ አፍሪካ እንግሊዞችና ዙሉዎች የተዋጉበት የኢሳንድልዋና ጦርነት (ጥር 22 ቀን 1879 እ.ኤ.አ.) ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጦርነቱ ስሙን ያገኘበት ኮረብታ ከእንግሊዞቹ ሰፈር አጠገብ ስለሆነ በሥዕል ሳይሆን በቅርጽ ሊሠራ ይገባዋል፤ ሥዕሉ ከሱ ባሻገር ያለውን ብቻ ያሳያል።

መስመሩን በፕሮጀክተር ወይም በካሬ መስመር ሰሌዳው ላይ ገልብጠው ይቅቡት። ፎቶግራፍ ማሳተም ከመረጡ 180 በ50 ሴ.ሜ በኢንች በ150 ነጥብ ሲታተም 10,630 በ2,953 ፒክስል ይፈልጋል። ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ለሚታይ በኢንች 100 ነጥብም ያስኬዳል። አንድ ፎቶ ይህን ያህል ስለማይሰጥ ካሜራውን በቁም ይዘው፣ የብርሃን መጠኑንና የነጭ ሚዛኑን ቆልፈው፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር አንድ ሦስተኛ ያህል እንዲደራረብ አድርገው ያንሱና ያገጣጥሙ። ካልቆለፉት ሰማዩ ላይ ጠቆርና ነጣ ያሉ ቋሚ መስመሮች ይወጣሉ። ከማሳተምዎ በፊት ጥላውን ያንጡት፣ የቀለሙን ድምቀት ይቀንሱ፤ በስክሪን ላይ የገረጣ የመሰለዎት ጠረጴዛው ጀርባ ሲቆም ልኩን ያገኛል። በግራና በቀኝ 5 ሴ.ሜ ትርፍ ይተዉ፤ ባነር ከሆነም የማያብለጨልጨውን ይዘዙ።

ጥያቄ፦ 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ቀባሁ፤ በማግስቱ እንደ ቀስት ጎበጠ። ለምን?

መልስ፦ አንዱን ፊት ብቻ ስለቀቡት ነው። የተቀባው ፊት ውሃውን ጠጥቶ ሲያብጥና ቀለሙ ሲደርቅ ሲሰበሰብ ጀርባው በቦታው ይቀራል፤ ሰሌዳው ወደ ቀለሙ በኩል ይጎብጣል። ጀርባውን በተመሳሳይ ዙር ቀብተው አግድመው ክብደት ያስቀምጡበት፤ በአብዛኛው ይመለሳል። ለሚቀጥለው ከቀለሙ በፊት ሁለቱንም ፊትና ጠርዞቹን ነጭ የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥነው ይቀቡ። ጠርዙ ከሁሉ ይበልጥ ስለሚጠጣ ሁለት ጊዜ። ከጀርባ 2 በ4 ሴ.ሜ ጣውላ በዙሪያው ይምቱ። ፎም ቦርድ (በሁለት ወረቀት መካከል ፎም ያለበት ሰሌዳ፣ 5 ሚሊ ሜትር) ቀላልና ለመቁረጥ ምቹ ነው፤ ግን ወረቀቱ ውሃ ስለማይወድ ቀለሙን ሳያቀጥኑ በሩሎ በስሱ ይቀቡት።

ጥያቄ፦ ለማስቀመጥ እንዲመቸኝ በሦስት ክፍል ልሠራው ፈለግሁ። መገጣጠሚያው እንዳይታይ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እያንዳንዳቸው 60 ሴ.ሜ የሆኑ ሦስት ሰሌዳዎችን ከጀርባ በማጠፊያ ወይም በሞርሳ አያይዘው እንደ አንድ ይቅቧቸው፤ ለየብቻ ተቀብተው የሚገጥሙ ሰማዮች የሉም። ስንጥቁን በስቱኮ አይሙሉት፤ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ይልቅ የሰሌዳዎቹን ጠርዝ በሰማዩ ቀለም ይቀቡ፤ ባልተቀባ ጠርዝ የሚወጣው ጥቁር መስመር ነው የሚያጋልጠው። ከታች ደግሞ መገጣጠሚያው ፊት የዛፍ ስብስብ ይቁም። ጥግ ላይ የሚዞር ከሆነ በ90 ዲግሪ አያጥፉት፤ 1.5 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሉህ ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ ሬዲየስ ባለው ቅስት ያዙሩት።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛው የሚያልቅበትና ሥዕሉ የሚጀምርበት መስመር ሁልጊዜ ይታያል።

መልስ፦ ጨዋታ የማይገባበት ከ10 እስከ 15 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ሰቅ ከጠረጴዛው ጀርባ ይጨምሩ። እዚያ ላይ ከ5 እስከ 8 ሴ.ሜ ከፍታ ያላቸው ኮረብታዎች ይቁሙ፤ በጠንካራው ፖሊስትሪን ፎም ቀርጸው በሁለት ድርብ የጀሶ ፋሻ ይሸፍኗቸው። የሚነፋ ቀለም በፎሙ ላይ በቀጥታ አይጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ማቅለጫ ፎሙን ይበላዋል። በትኩስ ሽቦ ሲቆርጡ ደግሞ ጭሱ ጎጂ ስለሆነ መስኮት ይከፈት። ሲቀቡት ከጠረጴዛው ሣር ቀለም ጀምረው ወደ ኮረብታው አናት ሲወጡ የአድማስ ቀለም እየጨመሩ ይሂዱ፤ ኮረብታው ከሥዕሉ የቅርብ ሰንሰለት ጋር በቀለም ሊገናኝ ይገባል። ዛፎቹም ወደ ኋላ እያነሱ ይሂዱ፤ ከፊት 8 ሴ.ሜ የሆኑት ሰቁ ላይ 5፣ ከኋላ 2 ሴ.ሜ ይድረሱ። ለ28 ሚሊ ሜትር ጠረጴዛ የ6 ሚሊ ሜትር ቤቶች እዚህ ጥሩ የሩቅ መንደር ይሆናሉ።

መንገድና ወንዝ ቀጥ ብለው ወደ ሥዕሉ እንዳይሄዱ። ሥዕሉ ላይ የቀጠለ መንገድ ከአንድ ነጥብ ብቻ ሲታይ ነው የሚገጥመው፤ ካሜራው 10 ሴ.ሜ ወደ ጎን ሲል ይሰበራል። ከኮረብታው ጀርባ አጥፈው ይደብቁት።

ጥያቄ፦ ሁለት ተጫዋቾች በሁለቱ ረጅም ጎኖች ስንቆም ሥዕሉ የት ይቁም? ደግሞስ ሰማዩ ላይ የወታደሮቹ ጥላ እንዳይወድቅ?

መልስ፦ በጨዋታ ጊዜ በአጭሩ ጎን ይቁም፤ 120 ሴ.ሜ ብቻ ስለሚያስፈልግ ከሦስቱ ሰሌዳዎች ሁለቱ ይበቃሉ። ለፎቶ ሲሆን ወደ ረጅሙ ጎን ያዙሩት፤ ከጠረጴዛው ጋር በሁለት ሞርሳ የሚያዝ ከሆነ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በአጭሩ ጎን ሲቆም ግን ካሜራው በ180 ሴ.ሜ ርዝመት ስለሚያይ ርቀቱ ይጨምራል፤ በዚያው ስሌት ተራሮቹም ትንሽ ረዘም ማለት ነበረባቸው። ልዩነቱ ለዓይን አይጎላም።

ጥላው የሚመጣው መብራቱ ዝቅ ብሎ ከፊት ስለሚበራ ነው። ከፊት በኩል ከጠረጴዛው ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ጥላው ወለሉ ላይ ይወድቃል። በመጨረሻዎቹ ኮረብታዎችና በሥዕሉ መካከል ከ5 እስከ 10 ሴ.ሜ ክፍተት ከተዉ የኮረብታው ጥላም እዚያ ገብቶ ይጠፋል። ሁለተኛ መብራት ካለ ሰማዩን ብቻ እንዲያበራ ያድርጉት፤ ሁለቱም አምፖሎች የአንድ ዓይነት ብርሃን ይሁኑ፣ 5,000 ኬልቪን አካባቢ። አንዱ ቢጫ አንዱ ነጭ ከሆነ ካሜራው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይችልም። ዋናው መብራት በሥዕሉ ላይ ፀሐይ ካለችበት ጎን ይምጣ። የተራሮቹ ግራ ጎን በርቶ ወታደሮቹ በስተ ቀኝ ከበሩ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ፎቶው አይያያዝም፤ ስለዚህ ሥዕሉን ከመጀመርዎ በፊት መብራትዎ በየትኛው ወገን እንደሚቆም ይወስኑና በሰሌዳው ጀርባ በቀስት ምልክት ያድርጉበት።